አዲስ ቡድን ገባሁ፣ ዞኑም ሃይላንዱም አልዋጥልኝ አለ

ቁጥር ስምንት፦
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ሰሞኑን ሥራም ቤትም ቀይሬ ለዓመታት የተጫወትኩበትን ቡድን ትቼ አዲስ የሴቶች ቡድን ገብቻለሁ። ትልቅ ነገር አይደለም። ከሥራ በኋላ ልምምድ አለ፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ ጨዋታ፣ በቃ። ልጆቹ ደህና ናቸው። እኔ ግን ገና አልገጠምኩም።

የድሮ ቡድኔ ሰው በሰው ነበር የሚይዘው። አንዷን አማካይ ይሰጡኛል፣ የሄደችበት እሄዳለሁ፣ ኳስ አላስነካትም፣ ሥራዬ ይኸው ነበር። እዚህ ግን በዞን ነው፣ እያንዳንዷ ሰው ሳይሆን የራሷን የሜዳ ክፍል ነው የምትጠብቀው። ሰው ተከትዬ ስወጣ ከኋላዬ ክፍት ሜዳ ይቀራል፣ ሌላዋ በዚያ ትገባለች፣ በረኛችን ትጮኻለች። የምትለው ደግሞ አይገባኝም። የራሳቸው አጫጭር ቃላት አሏቸው፣ እኔ ቃሉን እስካሰላስል ኳሱ አልፏል።

ሁለተኛው ጣጣ የፕላስቲኩ ነው። ቤቴ ውስጥ ቆሻሻ ለመቀነስ የምሞክር ሰው ነኝ፣ አክራሪ ግን አይደለሁም። አንድ ልምምድ ላይ ስንት ሃይላንድ እንደሚከፈት ብታዩ! ግማሹ ይጠጣል፣ ግማሹ ጭንቅላት ላይ ይፈስሳል፣ ትርፉ ከነክዳኑ ሜዳው ዳር ተጥሎ ይቀራል። መናገር ያምረኛል። ግን ቦታዬን እንኳ በቅጡ ሳልይዝ ስለ አካባቢ ጥበቃ ልስበክ? ያስቃል።

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፣ ለእኔ ግን ከባድ ነው። ትርፍ ጊዜዬን ከአበቦቼና ከሹራብ ሥራ ጋር ነበር የማሳልፈው። እዚህ ልምምዱ በዛ፣ መንገዱም ራቀ። አበቦቹ እየጠወለጉ ነው፣ ሹራቡ አንድ እጅጌ ላይ ቆሟል። ቡድን ቀይራችሁ የምታውቁ፣ የቱን ታስቀድሙ ነበር?

የቀድሞ በረኛ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ለዚያች በረኛ እዘኚላት። ጨዋታውን ሙሉ የምትጮኸው ወዳ አይደለም፣ ሜዳውን ከኋላ ሆና በሙሉ የምታየው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

የዞኑን ነገር ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፣ ከሰው በሰው የመጣ ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። ሰው በሰው ስትይዢ ዓይንሽ መጀመሪያ የሚፈልገው የያዝሻትን ልጅ ነው። በዞን ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ኳሱ የት ነው፣ ቀጥሎ አጠገብሽ ያሉት የራስሽ ልጆች የት ናቸው፣ ከዚያ የትኛው ክፍት ቦታ ነው አደገኛው፣ ተቀናቃኟ መጨረሻ ላይ ነው የምትመጣው። ስለዚህ ኳስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግራና ቀኝ እያየሽ ከጓደኞችሽ ጋር ያለሽን ርቀት ታስተካክያለሽ። ኳሱ ወደ ግራ ከሄደ ሁላችሁም ወደ ግራ ትጠጋላችሁ፣ በቀኝ ጥግ አንዷ ተቀናቃኝ ብቻዋን ብትቀር አትደንግጪ፣ ኳሱ እዚያ እስኪደርስ ለመመለስ ጊዜ አላችሁ። በአንቺ ቀጣና በኩል ሮጣ የምታልፈውን ደግሞ አትከተያት፣ በድምፅ አስረክቢያት። "ያንቺ ናት!" በይና ቦታሽ ላይ ቁሚ። በዞን መጀመሪያ የሚደክመው አንገት ነው፣ እግር ኋላ ነው።

ከልምምድ በኋላ በረኛዋን ለብቻዋ ያዢያትና የምትጠቀሙባቸውን ቃላት ንገሪኝ በያት። ብዙ አይሆኑም። ውጪ፣ ተመለሺ፣ ዝጊ፣ ሰው አለ፣ ብቻሽን ነሽ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው። መጠየቅሽ ራሱ ያቀራርባችኋል፣ በረኛን ማንም ምንም አይጠይቅም።

አሰልጣኙን ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ ፕሬስ የምናደርገው፣ ማለትም ኳስ የያዘችውን ተቀናቃኝ ወጥተን የምናስጨንቀው መቼ ነው? ብዙ ቡድን ምልክት አለው፦ ተቀናቃኝ ኳሱን ስታበላሽ፣ ወደ ኋላ ስታቀብል፣ ወይም ጀርባዋን ለእኛ ጎል ሰጥታ ስትቀበል። ሁለተኛ፣ የማዕዘን ምት ላይስ? በጨዋታ በዞን የሚከላከል ቡድን የማዕዘን ምት ላይ ሰው በሰው ሊይዝ ወይ ሁለቱን ሊቀላቅል ይችላል። ሳታጣሪ ገብተሽ ጎል ቢቆጠር ጥፋቱ የአዲሷ ነው የሚባለው።

ደግሞ ታገሺ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጥናት አለ፣ ሰዎች አንድን ነገር በየቀኑ እየደጋገሙ ሳያስቡበት ማድረግ እስኪጀምሩ በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል ይላል፣ ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። እነሱ የተከታተሉት ውሃ መጠጣትን የመሰለ ቀላል ነገር ነው። አንቺ ጋ ኳስ አለ፣ ተቀናቃኝ አለ፣ የምትጮህ በረኛ አለች።

ማስቲሽ፦
ስለ ኳሱ ተብሏል፣ እኔ ወደ ፕላስቲኩ ልግባ። አትናገሪ፣ አምጪ። ባለ ቧንቧ የ20 ሊትር ጀሪካን ሜዳው ዳር አስቀምጪ፣ የራስሽን ኮዳ ያዢ፣ ማንንም "ተጠቀሙ" አትበይ። አንዷ ውሃ ሲያልቅባት ትመጣለች፣ ከዚያ ሌላዋ። ሰው በከባድ እንቅስቃሴ ላይ እንደ ሙቀቱና እንደ ሰውነቱ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሁለት ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል፣ ስለዚህ ሃያ ያህል ልጆች ከሆናችሁ አንዱ ጀሪካን ለቀዝቃዛ ምሽት ቢበቃ ነው፣ ለሞቃት ቀን ሁለት ያስፈልጋል። ኮዳ ግን አፍ ለአፍ አትዋዋሱ፣ ጉንፋን ቡድኑን የሚያዳርሰው እንደዚያ ነው። አፉ ሰፊ የሆነ፣ ብሩሽ የሚገባበት ምረጪ። ስምም ጻፉበት፣ አለዚያ ሁሉም የእኔ ነው ይባላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የአማተር ስፖርት ትልቁ ጣጣ ሃይላንዱ አይደለም፣ መኪናው ነው። ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ለመገናኘት ለየብቻው ይነዳል። አራት አራት ሆናችሁ ብትሄዱ ነዳጁ ይቀንሳል፣ ለአንቺ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሰው የሚተዋወቀው መንገድ ላይ ነው፣ ሜዳ ላይማ ለመተንፈስ እንኳ ጊዜ የለም።

ነገሩን እስከ ጥግ የወሰደ ማየት ካማረሽ የእንግሊዙ ፎረስት ግሪን ሮቨርስ አለልሽ፣ ትንሽ ክለብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ስታዲየሙ ውስጥ የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበት ምግብ ብቻ ማቅረብ ጀመረ፣ በ2018 ደግሞ የካርበን ልቀቱን ሙሉ በሙሉ የሚያካክስ ክለብ ተብሎ ከተባበሩት መንግሥታት ዕውቅና አገኘ። ያን ሁሉ ያደረገው ግን የክለቡ ባለቤት ነው እንጂ አዲስ የገባች አማካይ አይደለችም።

ተጠባባቂ ወንበር፦
ማስቲሽ፣ አልስማማም። ጀሪካኑም ቢሆን ንግግር ነው። አዲስ ሰው ገና ስሙ ሳይታወቅ ጀሪካን ተሸክሞ ሲመጣ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፦ "ይቺ ደግሞ ከየት የመጣች ናት?" እኛ ቡድን ውስጥ አንድ ልጅ ነበር፣ ከገባ ገና ምኑም ሳይሆን የቡድኑ ቴሌግራም ላይ ስለ ፕላስቲክ ቪዲዮ ማዝነብ ጀመረ። ያለው ሁሉ እውነት ነው። ሰው ግን የግሩፑን ድምፅ አጠፋ፣ የጨዋታ ሰዓት መቀየሩን ሳያይ የቀረም ነበር።

መጀመሪያ ለምን የታሸገ ውሃ እንደሚገዙ ጠይቂ። ምናልባት የሜዳው ቧንቧ ውሃ አይጠጣም። ምናልባት የሚያመጣላቸው ስፖንሰር ነው፣ ያን ነክተሽ ጠብ ውስጥ ትገቢያለሽ። ምናልባት ደግሞ ማንም አስቦበት አያውቅም። ከዚያ ለአምበሏ ሹክ በያት፣ እሷ ትናገረው። አንቺ እስከዚያ ኳስሽን ተጫወቺ፣ የራስሽን ኮዳ ያዢ፣ የወደቀውን ልቀሚ፣ ዝም።

ማስቲሽ፦
ለምን እንደሚገዙ ጠይቂ ያልከው ትክክል ነው፣ እኔም ማለት ነበረብኝ። "የወደቀውን ልቀሚ ዝም" ግን አይሆንም። እንደዚያ ከጀመረች ለቃሚ ሆና ነው የምትቀረው። አዲስ ሰው ላይ ሥራ መጫን የሚወድ ቡድን ሞልቷል። መልቀም ካለ በተራ ይሁን፣ ኳስና መረብ እንደሚሰበሰበው።

ቁጥር ስምንት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በረኛዋን አነጋገርኳት፣ ሳቀችብኝና ሁሉንም ነገረችኝ። ግማሹ ቃል አሁን የሌለ አሰልጣኝ ያመጣው ነው፣ አዲስ ሰው እንደማይገባው ትዝ ብሏቸውም አያውቅ። አምበሏንም ጠየቅኋት፣ የቧንቧው ውሃ ደህና ነው፣ ሃይላንዱ እንዲሁ ተለምዶ ነው አለች። "ኮዳ ካመጣሽ እኔም አመጣለሁ" ብላለች። ጀሪካኑን ለጊዜው ትቼዋለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። የተሰጠኝ ማሊያ ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ የለበሰችው ነው፣ ሽታው በሳሙና አልለቅ ብሏል። አዲስ ይገዛልሽ ብለውኛል፣ እኔ ግን መጣሉ አልሆነልኝም። ታኬታዬም ሶሉ አፉን ከፍቷል። ማስቲሽ፣ ይሄ ያንተ ጉዳይ መሆኑ ከስምህ ገባኝ።

ማስቲሽ፦
ገብቶሻል። መጀመሪያ ጭቃውን አጽጂና ሙሉ በሙሉ አድርቂው፣ እርጥብ ላይ አይይዝም። ማሞቂያ አጠገብ ወይ ጠራራ ፀሐይ ላይ ግን አታድርጊው፣ የቀረውን ሙጫ የሚፈታው ሙቀቱ ነው። ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቂበት። ከዚያ ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጊ፣ ማስቲሹን ሁለቱም ላይ ስስ አድርገሽ ቀቢና ጠብቂ። ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ እንደቀባ ወዲያው ያጣብቃል። በጣት ሲነካ እጅ ላይ የማይወጣ እስኪሆን፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ አጥብቀሽ ተጭነሽ እሰሪው፣ እስከ ነገው አትንኪው። ስፌቱ ከተበጠሰ ግን ለጫማ ሰፊ ስጪ፣ ማስቲሽ ብቻውን አይችለውም።

ሳሎን ጫካ፦
ማሊያው ፖሊስተር ነው አይደል? ፖሊስተር ውሃ አይመጥም፣ የላብ ቅባት ግን ይይዛል፣ ሽታው እዚያ ነው የተደበቀው። ልብስ ማለስለሻ አትጨምሪበት፣ ጨርቁን ሸፍኖ ነገሩን ያባብሳል። ገልብጠሽ፣ ትንሽ አቼቶ በተጨመረበት ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊውና እንደወትሮው እጠቢው። አቼቶና በረኪና ግን በምንም ተዓምር አንድ ላይ አታድርጊ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከጨዋታ በኋላም ቦርሳ ውስጥ አታሳድሪው። በማሽን ከሆነ በ30 ዲግሪ፣ ማሽኑን ሞልተሽ፣ በአጭሩ ፕሮግራም። እንዲህ ያለ ጨርቅ በታጠበ ቁጥር ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ክር ያራግፋል፣ ሙቀትና ረጅም እጥበት ደግሞ ይጨምረዋል።

አዲሱን እንቢ ማለትሽን ወድጄዋለሁ። "ከተጣለ ፕላስቲክ የተሠራ ነው" ብለው ሊያባብሉሽ ይችላሉ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ናይኪ ለብራዚልና ለፖርቱጋል የሠራቸው ማሊያዎች እያንዳንዳቸው እስከ ስምንት ጠርሙስ ገብቶባቸዋል። ያም ቢሆን ሲታጠብ ያው ክር ነው የሚያራግፈው። ያለሽ ማሊያ እስካልተቀደደ ድረስ እሱን የሚበልጥ አረንጓዴ ማሊያ የለም።

አሁን ወደ እኔ ነገር፣ ወደ አበቦቹ። ማንም አልመለሰልሽም እኮ፣ ሁሉም ኳስ ኳስ ይላል። ሜዳው ዳር ከሚጣለው ሃይላንድ ጥቂት ወደ ቤት ውሰጂ። ወገቡ ላይ ቁረጪው። ክዳኑን ብሺና የድሮ የታኬታ ማሰሪያ አሳልፊበት፣ ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም። የላይኛውን ግማሽ ገልብጠሽ በታችኛው ውስጥ አስቀምጪ፣ ላይ አፈርና ተክል፣ ታች ውሃ። ማሰሪያው አፈሩ ውስጥ ወጣ ብሎ፣ ጫፉም ውሃው ውስጥ መንከር አለበት። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አታዛውሪ፣ መጀመሪያ በጣም ውሃ በሚወዱት ሞክሪ። ደረቅ የሚወዱትን እንደዚህ ካደረግሻቸው ሥራቸው ይበሰብሳል። በዚህ አያያዝ ልምምድ በበዛበት ሳምንት ለቀናት ሳታጠጪ ማለፍ ትችያለሽ።

ሹራቡን ደግሞ መኪና ውስጥ ሥሪው። ከላይ አራት አራት ሆናችሁ ሂዱ ተብሏል፣ አንቺ የማትነጂበት ቀን ኋላ ወንበር ላይ እጅሽ ነፃ ነው። አብሬያችሁ ልማር የምትል አንድ ልጅ አትጠፋም። ደግሞ ከሁሉም አንዱን አስቀድሚ አልልሽም፣ ግን ከሳምንቱ አንድ ምሽት ኳስ የማይነካው ይኑርሽ፣ ያን ደግሞ ለቡድኑ ገና ከአሁኑ አሳውቂያቸው። ኋላ ላይ ከሆነ ቅሬታ ይመስላል።

ተጠባባቂ ወንበር፦
የመጨረሻውን ሐሳብ እደግፋለሁ። አቼቶውን ዛሬ ማታ ነው የምሞክረው፣ የእኔ ማሊያ ጎረቤት አስቸግሯል።

የቀድሞ በረኛ፦
አንድ የረሳነው ነገር። ሜዳችሁ ሰው ሠራሽ ሣር ከሆነ ያ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ታኬታና ካልሲ ውስጥ ገብቶ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ በእጥበት ወደ ፍሳሽ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለውን ፍርፋሪ ለሜዳ መሸጥ ከ2031 ጀምሮ ከልክሏል፣ ለመቀየሪያ ጊዜ ሰጥቶ ነው። እስከዚያ ቀላሉ ነገር ሜዳው ላይ ሆኖ ታኬታን ማራገፍ ነው፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይሆንም። በረኞች ጓንታቸውንም ያራግፉ፣ ከሁሉ የሚብሰው እኛ ጋ ነው።