የሳንዲዬጎ ሰደድ እሳት፣ እኔ ልጅ ሳለሁ

ሰላም ወገኖች። ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ መኖር ያሰባችሁ ስለ ሰደድ እሳቱና ቤት ስትመርጡ ምን መጠንቀቅ እንዳለባችሁ ስትጠይቁ አየሁ። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው፤ የማስታውሰውን ላካፍላችሁ።

ሲዳር የተባለው እሳት የተነሳው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2003 ነው። መንገድ የጠፋው የዱር እንስሳ አዳኝ፣ ሰዎች አይተው እንዲያገኙት ብሎ የለኮሰው ነበር። ሳንታ አና የሚሉት ደረቅ የበረሃ ነፋስ አገኘውና ሌሊቱን ገስግሶ ከተማው ጫፍ ደረሰ። ጠዋት ሰማዩ ብርቱካናማ ሆኖ፣ መኪናው አመድ ለብሶ አገኘነው። እማዬ ፓስፖርትና ፎቶ በፌስታል ትሰበስባለች። አባዬ «ገና ሩቅ ነው» ይላል። እኛ ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘጋ ብለን ደስ ብሎናል፤ ልጅነት!

ሩቅ አልነበረም። ከ2,200 በላይ ቤቶች ነደዱ፤ 15 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ከሰሜን ካሊፎርኒያ ሊረዳ የመጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያልረሳሁት የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ነው። ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ፣ ቦት ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ መኪናቸው አጠገብ ሣሩ ላይ ተዘርረው ይተኛሉ። ጥቂት ቆይተው ተነስተው ይመለሳሉ። ልጅ ሳለሁ እሳት የሚጠፋው በውሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ብዙው ሥራ የመጥረቢያና የአካፋ ነው፤ ቁጥቋጦውን መንጥረው፣ አፈሩን ገልጠው እሳቱ የሚበላውን ያሳጡታል። ብርቱካናማ ልብስ ለብሰው ይህን ከሚሠሩት ብዙዎቹ እስረኞች መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ምስጋናው እነሱ ጋ ብዙም አይደርስም፤ ይከነክነኛል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ቤት የሚያቃጥለው ብዙውን ጊዜ የሚታየው ነበልባል ሳይሆን ነፋሱ አስቀድሞ የሚበትነው ፍም ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ደረቅ ቅጠል ወይም የጣሪያ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይበቃዋል። ስክሪፕስ ራንች በተባለው ሰፈር የእንጨት ጣሪያና ባሕር ዛፍ ተጋግዘው ከ300 በላይ ቤቶች አስበሉ።

እና ገደል አፋፍ ላይ ያለ፣ እይታው የሚያምር ቤት ሲያሳዩአችሁ ጣሪያውን እዩ። መውጫ መንገዱ አንድ ብቻ ከሆነ እኔ አልከራየውም። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የኢንሹራንስ ዋጋ አስወጡ፤ አንዳንድ ኩባንያዎች ጭራሽ አይቀበሉም። ስልካችሁን አለርት ሳንዲዬጎ በተባለው የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ መላኪያ ላይ አስመዝግቡ። ወላጆቻችሁ አብረዋችሁ ካሉ የእነሱንም። «ውጡ» ሲባል ሽማግሌ እስኪያሳምን አትጠብቁ፤ አባዬ ይቅር ይበለኝና።