የበግ የሳንባ ትል ዝርያን በፕሮቲን መለየት፦ ጄሉ ላይ ያየሁት ልዩነት የዝርያ ነው?

ጥያቄ (ተመራቂ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከጮቄ ተራራ ሥር መጥተው እዚህ ከታረዱ በጎች የሳንባ ትል ሰብስቤያለሁ። ረዣዥሞቹና ነጫጮቹ ከአየር ቧንቧ የወጡ ናቸው። ቀጫጭኖቹን ሳንባው ላይ ካሉ እባጮች ነው ያወጣኋቸው። ሁለቱንም ፈጭቼ ፕሮቲናቸውን በጄል (ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለይ ዝልግልግ ንጣፍ) ለየሁ። ቀጫጭኖቹ 66 እና 16 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ደማቅ ባንድ፣ ማለትም የፕሮቲን መስመር፣ አላቸው፤ ረዣዥሞቹ የላቸውም። ይህ የዝርያ ልዩነት ነው? ደግሞ ከረዣዥሞቹ አንዳንዶቹ 14 አካባቢ ወፍራም ባንድ ያሳያሉ፣ ሌሎቹ አያሳዩም። ግራ ገብቶኛል።

መልስ (የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)
ወንድሜ፣ 66ና 16ን ቶሎ አትመናቸው። 66 አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን የሚቀመጥበት ቦታ ነው። 16 አካባቢ ደግሞ የቀይ ደም ሕዋስ ፕሮቲን የሆነው ሄሞግሎቢን ተበትኖ ይታያል። ከእባጭ የሚወጣው ሙሌሪየስ የሚባለው ትል ሳይሆን አይቀርም፤ እሱን ከሳንባው ሥጋ ነጥሎ ሙሉውን ማውጣት በጣም ያስቸግራል። ስለዚህ የበጉን ደምና ሥጋ አብረህ ፈጭተህ ይሆናል። ትሉን በቀዝቃዛ ጨው ውሃ ደጋግመህ እጠበው። በሚቀጥለው ጄል ላይ የበግ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ) እና ትል የሌለበት ሳንባ ለየብቻ ጫን። ከእነሱ ጋር የሚገጥመው ባንድ ሁሉ ይሰረዛል። የሁሉንም ናሙና ፕሮቲን መጠን ለክተህ እኩል መጫንም አትርሳ።

መልስ (የጥገኛ ትሎች መምህርት)
የ14ቱ ነገር ከጾታ የመጣ ይመስለኛል። ወንዴ ትሎች በዘር ሕዋሳቸው ውስጥ በብዛት የሚገኝ፣ ልኩ ወደ 14 ኪሎዳልተን የሆነ ፕሮቲን አላቸው። ከመፍጨትህ በፊት ወንዱንና ሴቷን ለያቸው። ከአየር ቧንቧ የሚወጣው ረዥሙ ትል ዲክትዮካውለስ ፊላሪያ ይባላል፤ ወንዱ ጅራቱ ላይ አጫጭር፣ ቡናማ፣ ቦት ጫማ የሚመስሉ ሁለት እሾሆች አሉት። አጉሊ መነጽር ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ወንድን ከወንድ፣ አዋቂን ከአዋቂ ካላወዳደርክ ጄሉ ስለ ዝርያ ምንም አይነግርህም።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። የቀሩኝ ትሎች ፎርማሊን ውስጥ ናቸው። ይሆናሉ?

መልስ (የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር)
ለጄል አይሆኑም። ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል። መልካቸውን ለማየት ተጠቀምባቸው። አዲስ የምትሰበስበውን ታጥቦ ወዲያው በረዶ ውስጥ አስገባ።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ሞጣ)
ልጄ፣ ጄሉን ቀጥል፤ ግን ከጎኑ የትሉን እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገውን ትል፣ ማየትን አትተው። ከበጉ ፊንጢጣ ትኩስ በጠጥ ውሰድ። መሬት ላይ የወደቀውን ተወው፣ የአፈር ትል ይቀላቀልበታል። በጨርቅ ቋጥረህ ለብ ያለ ውሃ በሞላ ማጥለያ (ፈነል) ላይ አሳድረው። ጠዋት ከሥር የወረደውን ጠብታ እይ። የዲክትዮካውለስ እጭ ትልቁ ነው፤ ርዝመቱ ከ500 ማይክሮሜትር ያልፋል፣ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ጉብ ያለች ነገር አለችው። የሙሌሪየስ 300 አካባቢ ሆኖ ጅራቱ ይጠማዘዛል፣ አጠገቡም እሾህ አለ። ጅራቱ ጠመዝማዛ ሆኖ እሾህ ከሌለው ፕሮቶስትሮንጂለስ የሚባለው ሌላ የሳንባ ትል ነው።

ይህ ለገበሬውም ይጠቅማል። ዲክትዮካውለስ በቀጥታ ከሣር ይተላለፋል። ሌሎቹ ሁለቱ ለመተላለፍ ቀንድ አውጣ ይፈልጋሉ። ሙሌሪየስ ደግሞ ለመድኃኒት ቶሎ አይበገርም። በጎቹ እያሳሉ ከሆነ የጄሉን ውጤት አትጠብቅ፤ እጩን እንዳየህ ሕክምናውን በዚያው ቀን ጀምርላቸው።