ወንድሜን ትምህርት ቤቱ ጋይዳንስ ጋ ልላከው ወይስ ይቅር? (ድሬ)

እህቱ ከሳቢያን፦
ሰላም ድሬዎች። ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት አይተኛም፣ ምግብ አስጠልቶታል፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል፣ ሐኪም ቤት ወስደነው ምንም የለበትም ተባልን። ማታ ማታ ከዚራ ከጓደኞቹ ጋ ሲዞር የነበረ ልጅ አሁን በር ዘግቶ ነው የሚውለው። ትምህርት ቤታቸው ጋይዳንስ አለ፣ ሳይኮሎጂ የተማረች አማካሪ ናት አሉኝ፣ ሂድ ስለው "እብድ ነው እንዲሉኝ ነው?" አለኝ። እማዬ ደግሞ ዓይን ነው፣ ጠበል ይሂድ ባይ ናት። እዛ የሚያወራው ነገር ፋይሉ ላይ ይጻፋል እንዴ? ለዩኒት ሊደሩስ ይነግሩበታል? የምታውቁ በናታችሁ።

የለገሃሬው፦
አቦ እኔ ስማር የጋይዳንሷ ክፍል ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ ጋ በር ለበር ነበር። እዛ ኮሪደር ላይ ቆመህ ከታየህ ወይ ተደባድበሃል ወይ ወላጅ አምጣ ተብለሃል፣ በቃ። ሴትየዋ ጥሩ ሰው ነበረች ግን ጠዋት ጠዋት በር ላይ አርፋጅ አስመዝጋቢ አድርገዋታል፣ ጠዋት ስምህን የጻፈችብህ ሰው ጋ ከሰዓት ሄደህ ምን ብለህ ሆድህን ትከፍታለህ? 4 ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልገባሁም። ወንድምሽ ላይ አልፈርድም ወላሂ።

አማካሪ፣ ሐረር፦
እዚህ ሐረር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይሄንኑ ሥራ ነው የምሠራው። የለገሃሬው ያልከው ልክ ነው፣ እኔ ለምኜ ክፍሉን ወደ ላይብረሪው ጀርባ አስቀየርኩት፣ አሁን መጽሐፍ ሊዋስ የመጣ እየመሰለ የሚገባው ብዙ ነው። እህቴ፣ ልጁ የነገረኝን ለመምህርም ለወላጅም አላወራም፣ ራሱን ወይ ሌላ ሰው ሊጎዳ ካሰበ ብቻ ነው ዝም የማልለው፣ ይሄንንም መጀመሪያ ቀን ነግሬው ነው የምንጀምረው። ካርዱ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። መድኃኒት አንሰጥም፣ ከአቅማችን በላይ ሲሆን ሪፈር እንጽፋለን። እንደ እኛ የማይሠራም ስለሚኖር ግን አማካሪዋን ቀድመሽ ጠይቂያት። የ12ኛዎቹ ጭንቀት ደግሞ ከሜዳ አልመጣም፣ በ2014 የ12ኛ ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ነው፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ ልጆቹ ይሄን ቁጥር ከፎርሙላ በላይ ነው የሸመደዱት። በዛ ላይ ከቤት ውጪ አድሮ ሳያውቅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የሚፈተነው ብዙ ነው። "አይዞህ ጎበዝ ነህ" ብትይው ጭራሽ ይብስበታል።

ሳይካትሪ ነርስ፦
ጫትን ማንም አላነሳም እኮ! ድሬ ላይ ተማሪ እንቅልፍ አጣ ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ለጥናት ብለው በርጫ (ጫት ሊቅሙ) ይቀመጣሉ፣ ያነቃቸዋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሌሊት ዓይን አይከደንም፣ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርት ነው። ሳትጮሂ ጠይቂው። ካልቃመም፣ መከፋቱና ሁሉ ነገር ማስጠላቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ካልሽማ ቆይቷል። ድል ጮራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበሉም ይሂድ፣ ማን ከለከለ፣ ሕክምናው ግን አይቅር። አንድ ሌላ፣ "መሞት አስበህ ታውቃለህ?" ብለሽ በግልጽ ጠይቂው፣ መጠየቅሽ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ ቀጠሮ ምናምን ሳትይ በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል።

እህቱ ከሳቢያን፦
ጠየቅኩት። ጫቱን አልካደም፣ "ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ" አለ (ቅዳሜ ብቻ የሚቃም ጫት ድሬ ላይ አይቼ አላውቅም ግን እሺ)። ሌላውን ስጠይቀው ብዙ ዝም አለና "አይ እሱስ የለም፣ ደክሞኝ ነው" አለኝ፣ ከዛ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። አማካሪዋን ደውዬ አገኘኋት፣ ሰኞ ተማሪው ምሳ ሲወጣ ነው የምታየው፣ እሺ ብሏል። ለእማዬ ገና አልነገርኳትም።