አራት ቀርተን ሦስት ሲሸለም በኤስ-10 ኦል ኢን መቀበሌ ስሕተት ነበር?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ አንድ ውሳኔ ስላለ አስተያየታችሁን ለመስማት ፈለግሁ። ጨዋታው ያለ ገደብ የሚወራረዱበት፣ ቴክሳስ ሆልደም የተባለው የፖከር ዓይነት ሲሆን፣ ስምንት ሰዎች እያንዳንዳቸው 5,000 ቺፕ ይዘው የጀመሩት የአንድ ጠረጴዛ ውድድር ነበር። ከተሰበሰበው ገንዘብ አንደኛ የወጣው 50፣ ሁለተኛው 30፣ ሦስተኛው 20 በመቶ ይወስዳል፤ ከዚያ በታች ለሚወጣ ምንም የለም። አራት ሰዎች ስንቀር፣ እምብዛም በማይገጥም አጋጣሚ፣ ሁላችንም እኩል 10,000 ቺፕ ይዘን ነበር። ብላይንዱ (ሁለት ተጫዋቾች ካርዳቸውን ሳያዩ በግዴታ የሚያስቀምጡት ቺፕ) 500 እና 1,000 ደርሷል፤ አንቲ (ሁሉም በየዙሩ የሚያዋጣው) አልነበረም።

እኔ ትልቁን በሚያስቀምጠው ወንበር፣ ቢግ ብላይንድ ላይ ነበርሁ። ቀድሞ የሚናገረውም፣ በተን (የአዳዩ ምልክት ያለበት ወንበር) ላይ የነበረውም ካርዳቸውን ጣሉ። ትንሹን በሚያስቀምጠው ወንበር፣ ስሞል ብላይንድ ላይ ያለው ሰው ጥቂት ካሰበ በኋላ ኦል ኢን ገባ፤ ያለውን ቺፕ በሙሉ አስያዘ። ካርዴን ገለጥ አድርጌ ሳየው ምልክታቸው የተለያየ ኤስ እና 10 ነው። መሐል ላይ የእሱ 10,000 እና የእኔ 1,000 ስላለ፣ 9,000 ጨምሬ በጠቅላላው 20,000 ለሚሆን ቺፕ ለመፋለም 45 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ይበቃኛል ብዬ አሰላሁና ተቀበልሁ። እሱ ኪንግ እና 7 ከፈተ። እስከ ተርኑ፣ ማለትም እስከ አራተኛው የጋራ ካርድ ድረስ የምመራው እኔ ነበርሁ፤ በመጨረሻው የጋራ ካርድ፣ ሪቨሩ ላይ ኪንግ ወጣና አራተኛ ሆኜ ባዶ እጄን ተነሣሁ።

የማውቃቸው ተጫዋቾች «እየመራህ ገብተህ የተሸነፍኸው በዕድል ነው» ቢሉኝም ልቤ አልረጋም። ስለ ሰውዬው የማውቀው ነገር ቢኖር፣ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ እኔና እሱ ብቻ በብላይንድ ስንፋጠጥ ሁለቱንም ጊዜ ካርዱን ጥሎ መተዉን ነው። ውጤቱን ትታችሁ ውሳኔውን ብትመዝኑልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1

ሒሳብዎ በራሱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የመለኪያው ምርጫ ነው። 45 በመቶ የሚበቃው ጠረጴዛው ላይ ያለው ቺፕ በማንኛውም ሰዓት በተጻፈበት ዋጋ ወደ ገንዘብ በሚመነዘርበት ጨዋታ ነው። በውድድር ላይ የሚከፈለው ለደረጃ እንጂ ለቺፕ ስላልሆነ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቺፕ ከቀደመው ያነሰ ዋጋ አለው።

እስቲ እንቁጠረው። የሽልማቱን ድምር 100 ብናደርገው፣ አራታችሁም እኩል በያዛችሁበት ሰዓት የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 25 ነው። ተቀብለው ቢያሸንፉ 20,000 ይዘው፣ 10,000 10,000 ከያዙት ከሁለቱ ጋር ይቀራሉ። በዚያን ጊዜ፣ ዕድሉን በያዙት ቺፕ ልክ ብናሰላው፣ አንደኛ የመሆን ዕድልዎ ግማሽ፣ ሁለተኛ የመሆን ዕድልዎ አንድ ሦስተኛ፣ ሦስተኛ የመሆን ዕድልዎ አንድ ስድስተኛ ነው። ከ50ው 25፣ ከ30ው 10፣ ከ20ው ደግሞ 3.33 ያገኛሉ፤ ድምሩ 38.33 ይሆናል። ቺፕዎ እጥፍ ሲሆን ድርሻዎ እጥፍ አልሆነም ማለት ነው። የጎደለው 11.67 የት ገባ ቢሉ፣ ካርዳቸውን ጥለው ከዳር ሆነው ወደተመለከቱት ወደ ሁለቱ ሰዎች ኪስ ነው፤ እነሱ ጣታቸውን ሳያነሡ እያንዳንዳቸው ከ25 ወደ 30.83 ከፍ ብለዋል።

ቢጥሉ ኖሮ እርስዎ 9,000፣ እሱ 11,000 ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ። በዚሁ ስሌት የእርስዎ ድርሻ 23.34 ነው። ስለዚህ ሳይጥሉ ለመቀበል የሚያስፈልግዎት ዕድል 23.34ን ለ38.33 ሲያካፍሉ የሚገኘው፣ ማለትም 61 በመቶ ገደማ ነው። በ45 እና በ61 መካከል ያለው ርቀት ጥያቄዎ ሁሉ ያለበት ቦታ ነው።

ይህን ስሌት ተጫዋቾች አይሲኤም ይሉታል። ቀመሩ መጀመሪያ የታተመው በ1973 ሲሆን የስታቲስቲክስ ባለሙያው የሃርቪል ነው፤ ያኔ የታሰበው ግን ለፈረስ እሽቅድድም ነበር። ወደ ፖከር ውድድር ያመጣው ሜሰን ማልመዝ ነው፤ በ1987።

መልስ 2

በ61ዱ እስማማለሁ፤ ከዚያ ተነሥቶ «ስሕተት ነበር» ወደሚለው መዝለሉ ግን ቸኩሏል። ቁጥሩ የሚነግረን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ነው፤ ምን ያህል እንደነበረዎት የሚወስነው ደግሞ ሰውዬው በየትኞቹ ካርዶች እንደሚገፋ፣ ማለትም ኦል ኢን እንደሚገባ ነው።

ምልክታቸው የተለያየ ኤስ እና 10፣ ምንም ሳያይ በማንኛውም ሁለት ካርድ ኦል ኢን ከሚገባ ሰው ጋር ቢገጥሙ 62.7 በመቶ ያህል ጊዜ ያሸንፋሉ። በ38.33 ሲባዛ 24.03 ይሆናል፤ ከመጣሉ በ0.7 ይበልጣልና በቀጭኑም ቢሆን መቀበሉ ትክክል ነው። ሰውዬው ደካማውን ግማሽ እየጣለ በተሻለው ግማሽ ብቻ የሚገፋ ከሆነ ግን ዕድሉ ከ60 በታች ይወርዳል። 57 ብንለው የሚያገኙት 21.85 ነው፤ ከጠቅላላው ሽልማት 1.5 በመቶውን በአንድ ውሳኔ አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው። ሲሳካልዎ የሚያተርፉት ከዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ እኔ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲገጥመኝ ወደ መጣሉ የማደላው ለዚህ ነው።

አሁን ራስዎ ወደ ነገሩን ማስረጃ እንመለስ። ሁለት ጊዜ ብቻችሁን ስትፋጠጡ ካርዱን ጥሏል። በማንኛውም ካርድ የሚገፋ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሁለት ጊዜ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን «ይመርጣል» ለማለት በእጅዎ የነበረው ብቸኛ ማስረጃ እሱ ነበርና ወደ መጣል ሊገፋዎት ይገባ ነበር። በመጨረሻ ኪንግ-7 መክፈቱን ማስረጃ አድርገው ወደ ኋላ እንዳይጠቀሙበት፤ ሲወስኑ አላዩትም። ደግሞም እዩት፤ ካርዱን ፊት ለፊት ገልብጦ ቢያሳይዎት ኖሮ እንኳ ኤስ-10 በኪንግ-7 ላይ ያለው ብልጫ ከ60 በጥቂት ብቻ የሚበልጥ ስለሆነ፣ የሚያተርፉት ነገር ከምንም አይቆጠርም ነበር። «እየመራህ ገባህ» የሚሉዎት ሰዎች ይህን የሚያዩት አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ በዚያ ዙር ከሁለታችሁ የተሻለ የተጫወተው እሱ ነው። 61 በመቶ ካላገኙ የማይቀበሉ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ኦል ኢን ሲገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ግጭት 1,000 ቺፕ ይወስዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ቀድሞ የሚገፋ ሰው በጣም ብዙ ዓይነት ካርድ ሊገፋ ይችላል፤ ተቀባዩ ግን በጥቂት ጠንካራ ካርዶች ብቻ ነው መቀበል ያለበት።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የሚያሳፍረኝ ነገር ሽልማቱን ያስታወስሁት ከተነሣሁ በኋላ መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ ካርዴን አየሁ፣ ከዚያ መሐል ያለውን ቺፕ ቆጠርሁ፣ እዚያው አበቃሁ። ታዲያ በየትኞቹ ካርዶች ነው መቀበል የነበረብኝ? ደግሞስ ከአራታችን አንዱ በጣም ትንሽ ቺፕ ይዞ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር?

መልስ 3

ሁለተኛውን ላስቀድም፤ ዋናው እሱ ነውና። አንዱ 2,000 ብቻ ይዞ፣ ሦስታችሁ ደግሞ ቀሪውን 38,000 እኩል ተካፍላችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ለመቀበል የሚያስፈልገው ዕድል ወደ 70 በመቶ አካባቢ ይወጣ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያ ሰው ብላይንዱ ሁለት ጊዜ ሳይዞርበት የመውጣቱ ነገር በር ላይ ቆሟል፤ እርስዎ ካርድዎን ጥለው ትንሽ ቢጠብቁ ሽልማት ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ሁኔታ ኤስ-10 በማንኛውም ካርድ ከሚገፋ ሰው ጋር እንኳ 62.7 ላይ ስለሚቀር ያለ ክርክር ይጣላል። ስለዚህ ካርድዎን ከማየትዎ በፊት ከእርስዎ ያነሰ ቺፕ የያዘው ማን እንደሆነና ብላይንዱ መቼ እንደሚደርሰው ይመልከቱ። እኔ በተኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በዓይኔ የምዞረው ይህን ነው።

ወደ ካርዶቹ ስንመጣ፣ በማንኛውም ሁለት ካርድ ከሚገፋ ሰው ጋር ሲሆን ጥንድ 6 ወደ 63 በመቶ ስለሚደርስ ያልፋል፤ ጥንድ 5 ግን 60 አካባቢ ላይ ቆሞ ለጥቂት ይወድቃል። ከሚመርጥ ሰው ጋር ሲሆን ትላልቅ ጥንዶችና ኤስ-ኪንግ ያለ ጭንቀት ይገባሉ፤ ኤስ-ኩዊን ወሰኑ ላይ ነው። ይህን በቃል ከማጥናት ይልቅ፣ ያንኑ ኤስ-10 በተለያየ ሽልማት ቢመዝኑት የበለጠ ይማሩበታል። ሽልማቱ በሙሉ ለአንደኛው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቺፕና ገንዘብ እኩል ስለሚራመዱ፣ መጀመሪያ ያሰሉት 45 በመቶ ልክ ነበር፤ መቀበሉም አያከራክርም። በተቃራኒው ለሌላ ትልቅ ውድድር መግቢያ በሚያሸልም ሳተላይት ላይ፣ የሁሉም ሽልማት እኩል ስለሆነ፣ ከመጨረሻው ተሰናባች በፊት ብዙ ቺፕ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁለት ኤስ ቢደርሰው እንኳ ሌላ ብዙ ቺፕ ያለው ሰው ኦል ኢን ሲገባበት መጣሉ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሁለት ኤስ በዘፈቀደ ከመጣ ካርድ ጋር 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ መግቢያውን የማግኘት ዕድሉ 99 በመቶ የደረሰ ሰው ግን በ85 ምን ያደርጋል? ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የአይሲኤም ቁጥር የማያየው አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም ተጫዋች እኩል ችሎታ እንዳለው ይቆጥራል፣ ቀጣዩ ብላይንድ በማን ላይ እንደሚወድቅም አይመለከትም። እርስዎ 23.34 ብለው የሚጥሉት 9,000 ቺፕ በየትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያስቡ። በሚቀጥለው ዙር ስሞል ብላይንድ ላይ የሚሆኑት እርስዎ ነበሩ፤ ሁለቱ ጥለው ከዞረልዎ ኦል ኢን የሚገቡት እርስዎ፣ አራተኛ ወጥቶ ባዶ እጁን ላለመነሣት ሲል ኤስ-10ን ይዞ የሚጨነቀው ደግሞ ሌላው ሰው ይሆን ነበር።