የመኪና ስፒከር ተርሚናል አልገጥም አለኝ፣ የትኛውን ልጠቀም?

ሰላም ወገኖች እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የፊት በር ስፒከሮቼን ቀየርኩ፣ አዲሶቹ ከኋላ ሁለት ምላስ አላቸው አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፣ ስለካቸው ሰፊው 4.8 ሚሊሜትር ጠባቡ 2.8 ነው፣ ሰፊው አጠገብ የመደመር ምልክት ስላለ ፖዘቲቩ እሱ ነው። እኔ ግን ሳልለካ የገዛሁት ተርሚናል (ሽቦው ጫፍ ላይ ተጨምቆ ምላሱ ላይ የሚሰካው ብረት) በሙሉ 6.3 ሆነብኝ! በፒንሳ ጨመቅ አድርጌ ሰካሁት፣ አንድ ቀን ሰራ፣ በነጋታው በሩን ዘጋ ሳደርገው ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ፣ ሽቦው በሩ ውስጥ ተላቆ ብረት ነክቶ ራዲዮውን እንዳያቃጥልብኝ በጣም ፈርቻለሁ ስለዚህ ነቅዬዋለሁ።

አሁን ትክክለኛውን ልገዛ ነው ግን ሽቦዬ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፣ ቀዩ ተርሚናል ከ0.5 እስከ 1.5 ሰማያዊው ከ1.5 እስከ 2.5 ይላል፣ የኔ መሀል ላይ ሆነ፣ የቱ ይሻላል? ቀዩ ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ይመስለኛል። በዛ ላይ አንዳንዱ በክሪምፐር (የተርሚናል መጨመቂያ ፒንሳ) ብቻ ጨምቀው ይላል ሌላው በሊድ በይደው ይላል፣ እኔ ምላሱ ላይ መበየድ አልፈልግም ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል ብዬ፣ ደግሞ ነገ መፍታት ቢያስፈልግስ?

የመኪናውን ኦሪጅናል ሶኬት እስካሁን አልቆረጥኩትም፣ አሳዘነኝ። ለሱ የሚሆን አዳፕተር ፈልጌ ብገዛ ይሻላል ወይስ ቆርጬ ልቀጥል? በሩ ውስጥ ውሃ ስለሚገባ ሙቀት ሲነካው ተኮማትሮ ሽቦው ላይ የሚጣበቀውን የፕላስቲክ ሽፋን ላልብሰው አስቤያለሁ፣ ይበቃል? በእጁ የሰራ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።