ከያፋ እስከ አኮ፦ ለሁለት ቀን የቱን ልምረጥ?

ትዕግሥት
ሰላም ለሁላችሁ። ለበዓል ኢየሩሳሌም ለመሳለም እመጣለሁ። ጉዞው ሲያልቅ ሁለት ቀን ይተርፈኛል። ከቡድኑ ጋር ገበያ ለገበያ ከምንከራተት በእስራኤል ባሕር ዳር ያሉትን ጥንታዊ ከተሞች ያፋን፣ ቂሣርያንና አኮን ባይ ደስ ይለኛል። መኪና አልነዳም። ሁሉንም ላዳርስ ወይስ የቱን ልተው?

የኔታንያው
እኅቴ፣ ያፋ ግማሽ ቀን ይበቃታል። የቁርበት ፋቂው የስምዖን ቤት የሚባለውን ከውጭ አይቶ ማለፍ ነው። ቂሣርያን ግን እንዳትዘያት! ሄሮድስ ያን ወደብ ሲሠራ ባሕሩ መርከብ የሚያስጠጋ አልነበረም። ከጣልያን የእሳተ ገሞራ አመድ አስመጥቶ ከኖራ ጋር አስቦክቶ፣ ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ግንብ አቆመ። ዛሬ አብዛኛው ሰጥሟል። ቅዱስ ጳውሎስ ሁለት ዓመት ታስሮ «ወደ ቄሣር ይግባኝ» ያለውም እዚያው ነው።

እዚያው ባለው የሮማውያን ቲያትር ውስጥ ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ተገኝቷል። በጸሎተ ሃይማኖት ስሙን የምናነሳው ጲላጦስ! ድንጋዩን የኋላ ሰዎች ለደረጃ ሥራ ተጠቅመውበት ነበር። እዚያ የምታዪው ቅጂውን ነው፤ ዋናው ኢየሩሳሌም፣ የእስራኤል ሙዚየም ነው። መጀመሪያ ዋናውን እዪው። ስንቅ ያዢ፣ ወደቡ ላይ ምግብ ውድ ነው።

ሰላም ከሐይፋ
እኔ አልስማማም። ቂሣርያ ፍርስራሽ ናት፤ አኮ ግን ሰው ይኖርባታል። ከላይ የታጠበ ልብስ ተሰቅሎ፣ ከታች የመስቀል ጦረኞቹ አዳራሽ። ረጅሙ የቴምፕላሮች (የመስቀል ጦረኛ መነኮሳት) የምድር ውስጥ መተላለፊያ የተገኘው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም አንዲት ሴትዮ የቤቴ ፍሳሽ ተዘጋ ብላ አቤት ስትል! ናፖሊዮንም በ1799 እ.ኤ.አ. አኮን ከብቦ ከብቦ አቅቶት ነው የተመለሰ። ግንቡ ላይ መውጣትም አትርሺ።

ትዕግሥት
አጓጓችሁኝ! በባቡር ይሆናል?

ሰላም ከሐይፋ
አኮ ቀጥታ ትደርሺያለሽ፤ ከጣቢያው አሮጌው ከተማ በእግር ይኬዳል። ለቂሣርያ ቢንያሚና የሚባለው ጣቢያ ወርደሽ ታክሲ ትይዣለሽ። ዓርብ ከሰዓት ግን እንዳትጀምሪ። ሻባት (የአይሁድ ሰንበት) ነው፤ ባቡር እስከ ቅዳሜ ማታ የለም።

የኔታንያው
እሑድ ቂሣርያ፣ ሰኞ አኮ አድርጊው። ያፋ ለቴል አቪቭ ቅርብ ስለሆነች ማታ ማታም ትደርሺባታለሽ። ቂሣርያ ስትሄጂ ታክሲውን ባሕር ዳር ወዳለው የሮማውያን የውኃ ድልድይ እንዲወስድሽ ንገሪው። መግቢያ አይከፈልበትም።