የመግቢያ ሰርቨራችን ዕድሳት፦ የዕቅድ ረቂቅ፣ ሦስተኛ ዙር
(የኮድ ጸሐፊዎች ማኅበራችን የቡድን ውይይት። አብዛኛው ሰው በአካባቢው ስም ነው የሚጠራው፤ ማርቆስ ማለት የደብረ ማርቆሱ ነው።)

ጸሐፊ፣ ሰኞ ጠዋት 3፡20
ረቂቁ ይኸው። ዓርብ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል።
አንደኛ፣ ወደ ጊት፣ የጋራ ኮዳችን ከነታሪኩ ወደሚቀመጥበት፣ የምንገባበት ማሽን ይቀየር። ያለው ማሽን፣ ጣና፣ የሚሠራው በደቢያን 10 ስርዓተ ክወና ነው፤ የደህንነት ድጋፉ በፈረንጆቹ ሰኔ 2024 ቆሟል። ሁለተኛ፣ በፓስወርድ መግባት ይዘጋ፣ ሁሉም በኤስኤስኤች ቁልፍ (አንዱ የግል፣ አንዱ የአደባባይ በሆነ ጥንድ ፋይል) ይግባ። ሦስተኛ፣ የቁልፍ መዝገቡ ይጽዳ። እኛ 23 ነን፣ መዝገቡ ላይ ያለው 41 ቁልፍ ነው። አራተኛ፣ አዲሱ ማሽን በደብረ ማርቆስ የድሮ ስም መንቆረር ይባል።

የባሕር ዳሩ፣ 3፡24
አራተኛው ከየት መጣ?

ጸሐፊ፣ 3፡25
አዲስ ማሽን አዲስ ስም ይፈልጋል።

የባሕር ዳሩ፣ 3፡31
ጣና ምን አደረጋችሁ? አምና ማኅተሙን ወሰዳችሁ። ዘንድሮ ሰርቨሩን።

ማርቆስ፣ 3፡33
ማኅተሙን ጉባኤው ነው የወሰነው። ቃለ ጉባኤው አለ፣ አንተም ፈርመሃል።

ገንዘብ ያዥ፣ 4፡02
ስሙን ተዉትና ገንዘቡን እዩ። ማሽኑን የምንከራየው ከጀርመን ነው፣ ክፍያው በምንዛሪ ነው። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። መዋጯችን ግን ያኔም 200፣ ዛሬም 200። አምስት ሰው ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። ስም አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ዳሞት፣ 4፡10
እንግዲያው ማሽኑን አገር ቤት እናምጣው። ባሕር ዳር ቢሮ ጥግ ላይ ይቀመጥ።

ቡሬ፣ 4፡12
መብራት ሲሄድስ? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ።

የባሕር ዳሩ፣ 4፡15
ማርቆስ መብራት አይጠፋም መሰለህ?

ማርቆስ፣ 4፡16
ይጠፋል። እኛ ግን አናወራበትም።

ጋሼ ዳንግላ፣ 5፡40
ስም መቀየር ቀላል የመሰላችሁ ስሙኝ። የእያንዳንዳችሁ ኮምፒውተር የጣናን አሻራ፣ ማለትም የማሽን ቁልፉን መለያ፣ መዝግቦ ይዟል። የጣናን የማሽን ቁልፍ ወደ አዲሱ ገልብጠን ስሙን እንዳለ ብንተወው፣ ማንም ምንም ሳያይ ሥራው ይቀጥላል። ስሙን ከቀየርን 23 ሰው ላይ «ይህን ማሽን አላውቀውም፣ ልቀጥል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። 23ታችሁም ሳታነቡ የስ ትላላችሁ። መሐል ገብቶ የሚሰርቅ ሰው የሚጠብቀው እሱን የስ ነው። የኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ ጊትሃብ መጋቢት 2023 የአርኤስኤ ማሽን ቁልፉ በስህተት በአደባባይ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ላይ ወጥቶበት ሲቀይረው፣ ስንቱ ማስጠንቀቂያ መጣብኝ ብሎ ተደናገጠ።
ሌላም አለ። መዝገቡን ትናንት አየሁት። ከ41 መስመር አንዱ ላይ ጊት ብቻ የሚያስኬደው ትእዛዝ አልተጻፈበትም። የዚያ ቁልፍ ባለቤት ፑሽ ማድረግ (ኮድ መላክ) ብቻ አይደለም፣ ሙሉ ሼል ያገኛል፣ ማሽኑን ያዝዛል። የማን ነው?

ማርቆስ፣ 5፡44
ጋሼ፣ ስለዚህ እርስዎ ጣና ይሁን እያሉ ነው?

ጋሼ ዳንግላ፣ 5፡45
ስለ መስመሩ ነው የጠየቅሁት።

የባሕር ዳሩ፣ 5፡46
ጣና ይሁን ነው ያሉት። ሁላችንም አንብበናል።

እንጅባራ፣ 7፡05
ሁለቱም ይቅር። እንደ ሐይቁ ዘንገና ይባል። ጥልቅ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ማንም አይጣላበትም።

ዳሞት፣ 7፡09
አሁን ተጣላንበት።

ቡሬ፣ 7፡20
ጮቄ ብንለውስ? ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ወንዙ ሁሉ ከዚያ ይነሣል። የማንም ከተማ አይደለም።

ጸሐፊ፣ 7፡22
ጥሩ ነው። ጮቄ። የሚቃወም?

ገንዘብ ያዥ፣ 7፡30
በላቲን ፊደል ጻፉትና አንብቡት። በእንግሊዝኛ «ታነቀ» ማለት ነው። የታነቀ ሰርቨር ብለን ነው ለደንበኛ የምንሰጠው?

ቡሬ፣ 7፡31
አቤት ጉድ።

ማክሰኞ ጠዋት 2፡50፣ ፍኖተ ሰላም
ትናንት ሥራ ላይ ነበርኩ። 64 መልእክት አነበብኩ፣ ስለ ሰርቨሩ የሚያወሩት አምስት ናቸው። ለመሆኑ አሮጌው እስከ ዛሬ ምን አደረገን? በ2024 ሐምሌ የመግቢያው ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤች ላይ ያ ትልቅ ቀዳዳ ሲወጣ እኛን አልነካንም። የመታው ከ8.5 እስከ 9.7 ያለውን ነው። የእኛ 7.9 ነው። እርጅና አዳነን።

ጋሼ ዳንግላ፣ 3፡15
እርጅና ያዳነው ሰው አላየሁም፣ እኔ ምስክር ነኝ። ለሚቀጥለው ቀዳዳ ጥገና የሚልክልህ የለም፣ ነገሩ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የኤክስዚ ጉድ፣ በዚያ ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀው የኋላ በር፣ የተያዘው አንድ ሰው መግቢያው በግማሽ ሴኮንድ ዘገየብኝ ብሎ ስለመረመረ ነው። የእኛ ሲዘገይ እኛ ቡና እናፈላለን።

ሞጣ፣ 3፡30
ቁልፍ መሰብሰቡን ለእኔ ተዉት። ሁላችሁም የአደባባይ ቁልፋችሁን ላኩልኝ። እስከ ረቡዕ ማታ መዝገቡን አዲስ አድርጌ አመጣለሁ።

ጸሐፊ፣ 3፡31
ተባረክ።

ፍኖተ ሰላም፣ 3፡52
የእኔ ይኸው። (ፋይል)

ዳሞት፣ 3፡53
ወንድሜ ይህ የግል ቁልፍህ ነው! በዶት ፐብ የሚያልቀውን ነው የምትልከው። አጥፋው!

ፍኖተ ሰላም፣ 3፡55
አጠፋሁት።

ዳሞት፣ 3፡56
ማጥፋት አይበቃም፣ ሰው አይቶታል። አዲስ ፍጠር፣ ኢዲ25519 የሚባለውን የቁልፍ ዓይነት አድርገው። የድሮው ከመዝገቡ ይውጣ።

ፍኖተ ሰላም፣ 4፡01
አስቸገራችሁኝ። በፓስወርድ እገባለሁ፣ ተዉኝ።

ጋሼ ዳንግላ፣ 4፡08
ሁለተኛውን ነጥብ የጻፍነው ለዚህ ነበር።

የባሕር ዳሩ፣ 4፡20
ስሙ ሳይወሰን መዝገብ ማጽዳት ምን ይሠራል? ስምን መልአክ ያወጣዋል። ጣናን ያወጣው የመጀመሪያውን ማሽን በገዛ ደመወዙ የገዛው ሰው ነው። እናንተ ያኔ አባል እንኳ አልነበራችሁም።

ማርቆስ፣ 4፡23
እኛ ያኔ ኔት ካፌ ውስጥ ኮድ እንጽፍ ነበር። አንተ ሐይቅ ዳር ዓሣ ትበላ ነበር።

የባሕር ዳሩ፣ 4፡24
አንተ ሰው ነህ?

ገንዘብ ያዥ፣ 4፡26
በቃ! ሁለታችሁም ከመስከረም ጀምሮ ካልከፈሉት ውስጥ ናችሁ። ስም አልጠራም ብዬ ነበር፣ አሁን ጠራሁ።

(እስከ ማታ ማንም አልጻፈም።)

ማርቆስ፣ ማታ 2፡10
ዓሣውን በተመለከተ ይቅርታ። 400 ብር ልኬያለሁ።

የባሕር ዳሩ፣ ማታ 2፡40
እኔም እልካለሁ። ደመወዝ ሲወጣ።

ረቡዕ 3፡00፣ ቡሬ
ሌት ስገላበጥ አንድ ነገር ታሰበኝ። በነሐሴ 2015 ኔት ሲጠፋ ትዝ ይላችኋል? ሥራችንን በጊት ባንድል አንድ ፋይል ውስጥ ጠቅልለን በፍላሽ ነበር የምንለዋወጠው። ያዳነን ሙሉ ታሪኩ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ መኖሩ ነው። ታዲያ ለምን ሁለት ማሽን አይኖረንም? ጣና እንዳለ መግቢያ ሆኖ ይቀጥል። ማርቆስ ላይ ደግሞ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተን ሁሉንም ሪፖ ሌት ሌት የሚገለብጥ መጠባበቂያ እናድርግ። መንቆረር ይባል።

ማርቆስ፣ 3፡02
እስማማለሁ።

የባሕር ዳሩ፣ 3፡03
እኔም። መጠባበቂያ እስከሆነ ድረስ።

ማርቆስ፣ 3፡04
«እስከሆነ ድረስ» ምንድን ነው?

ጸሐፊ፣ 3፡05
ተስማምታችኋል፣ አትንኩት።

ገንዘብ ያዥ፣ 3፡40
ኮምፒውተሩ፣ ባትሪው፣ ኢንቨርተሩ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ የኔቱ ወርኃዊ። ደምሩት። ካዝናው ውስጥ ያለው ለባትሪውና ለኢንቨርተሩ ብቻ ይበቃል።

ዳሞት፣ 3፡44
የጀርመኑን ማሽን መቀየር እንተወውና ያንን ገንዘብ እዚህ እናውለው።

ጋሼ ዳንግላ፣ 3፡50
መቀየሩ ነበር እኮ ዕቅዱ።

እንጅባራ፣ 4፡15
ማርቆስ መሄዳችን ካልቀረ ሥልጠናም ይኑረው። ሁሉም ቁልፉን እዚያው ፊት ለፊት ይፍጠር፣ ፍኖተ ሰላም በተለይ። ምሳም ይኑር።

ፍኖተ ሰላም፣ 4፡16
ምሳ ካለ ቁልፍ እፈጥራለሁ።

ሐሙስ ማታ 1፡30፣ ጸሐፊ
የመጨረሻው ረቂቅ። አንደኛ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚቀመጥ ባትሪና ኢንቨርተር ይገዛ። ኮምፒውተሩ ከአባል በውሰት ይገኝ። ሁለተኛ፣ መንቆረር ይባል። ሦስተኛ፣ የአንድ ቀን ሥልጠና ከምሳ ጋር። አራተኛ፣ ጣና እንዳለ ይቀጥል።

ጋሼ ዳንግላ፣ 1፡42
ፓስወርዱስ? ያ ባለቤት የሌለው መስመርስ?

ጸሐፊ፣ 1፡45
ጋሼ፣ ለአራተኛው ዙር ይዘነዋል። መዝገቡ ሞጣ እጅ ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ 1፡47
ሞጣ የት ነው? የእኔንም ጨምሮ 14 ሰው ቁልፍ ልኮለታል። ከማክሰኞ ወዲህ ብቅ አላለም።

ዳሞት፣ 1፡50
ደወልኩለት፣ ዝግ ነው። ሠርግ አለብኝ ብሎ ነበር መሰለኝ።

ጋሼ ዳንግላ፣ 2፡05
መስመሩን እኔ ዘግቼዋለሁ። የፈለገው ሰው ይጮኻል።

ማርቆስ፣ 2፡12
አንድ ጥያቄ። መንቆረር በላቲን ሲጻፍ ቆ በኬ ነው በኪው?

የባሕር ዳሩ፣ 2፡13
በኬ።

ማርቆስ፣ 2፡13
በኪው ነው እንጂ! ቆ እኮ ነው፣ ኮ አይደለም።